ስለ ኢሉባቦር ቡናና ስለ ኮምፒዩተር መዝገብ

በቀድሞ ዘመን ከጎሬ ወደ ጋምቤላ የሚወርደውን ቡና የሚቀበለው ነጋዴ ስለ ቡናው የሚጠይቀው ነገር ጥቂት ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1902 (በፈረንጆች አቈጣጠር) ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር ባደረጉት ውል በባሮ ወንዝ ዳር የንግድ ጣቢያ እንዲቋቋም ስለ ፈቀዱ፥ የኢሉባቦር ቡና በሰው ትከሻና በበቅሎ ጀርባ ቍልቍለቱን ወርዶ፥ ወንዙ በክረምት ሲሞላ በእንፋሎት መርከብ ተጭኖ ወደ ካርቱም ይሄድ ነበር። ነጋዴውም ጆንያውን አስከፍቶ ደረቅ መሆኑን በእጁ ይዳስሳል፤ ድንጋይና ገለባ እንዳይኖርበት ይመለከታል፤ በሚዛን አስመዝኖ ገንዘቡን ይከፍላል። ቡናው ከማን ጓሮ እንደ ተለቀመ፥ ዛፉ በየትኛው ዛፍ ጥላ ሥር እንደ በቀለ የሚጠይቅ ሰው አልነበረም።

ዛሬ ግን ይህ ነገር ተለውጦአል። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 (በፈረንጆች አቈጣጠር) ባወጣው ሕግ መሠረት ቡና፥ ካካዎ፥ ጎማ፥ አኩሪ አተር፥ የዘንባባ ዘይት፥ እንጨትና የቀንድ ከብት ወደ ኅብረቱ አገሮች የሚያስገባ ነጋዴ ሁሉ፥ ዕቃው ከታኅሣሥ 22 ቀን 2013 ዓ.ም. በኋላ ደን ተመንጥሮ በተገኘ መሬት ላይ ያልተመረተ መሆኑን ማስረዳት ይገባዋል። ማስረጃውም በቃልና በማኅተም የሚያልቅ አይደለም። የእያንዳንዱ ገበሬ ማሳ በምድር ላይ ያለበት ስፍራ በቍጥር ተጽፎ ወደ ኅብረቱ የኮምፒዩተር መዝገብ መግባት አለበት። ሕጉን የሚተላለፍ አስመጪ የሚቀጣው የገንዘብ ቅጣት ጣሪያው በአውሮፓ ካለው የዓመት ሽያጩ ከመቶ 4 እንዳያንስ ተደንግጎአል። አስመጪው ይህን ፈርቶ ላኪውን ይጠይቃል፤ ላኪው ዩኒየኑን፥ ዩኒየኑ የቀበሌውን የኅብረት ሥራ ማኅበር፥ ማኅበሩም በሁሩሙ ወይም በያዮ ጫካ ውስጥ የሚኖረውን ገበሬ ይጠይቃል ማለት ነው።

ሕጉ በመጀመሪያ ሥራ ላይ እንዲውል የታሰበው በታኅሣሥ 21 ቀን 2017 ዓ.ም. ነበር። ኋላ ግን ብዙ አገሮችና ብዙ ነጋዴዎች አልደረሰልንም ብለው ስላመለከቱ አንድ ዓመት ተራዘመ፤ ያም ዓመት ሊያልቅ ሲል እንደ ገና ተራዝሞ ለታላላቆቹና ለመካከለኞቹ ነጋዴዎች ታኅሣሥ 21 ቀን 2019 ዓ.ም.፥ ለትንንሾቹ ደግሞ ሰኔ 23 ቀን 2019 ዓ.ም. እንዲሆን ተወሰነ። ለሁለተኛው መራዘም ከተሰጡት ምክንያቶች አንዱ መታወቅ የሚገባው ነው፤ ኅብረቱ ራሱ ያሠራው የኮምፒዩተር መዝገብ የሚመጣለትን የመረጃ ብዛት ይሸከማል ተብሎ አልታመነም። በብራስልስ ብዙ ገንዘብና ብዙ ባለሙያ ያለው ቢሮ በሶፍትዌር ምክንያት ቀኑን ሲያዘገይ፥ የመቱ ማኅበር ጸሓፊ በአንድ ስልክ ሥራውን ያልጨረሰ እንደ ሆነ ማን ይፈርድበታል?

ነገሩ ለኢትዮጵያ ቀላል አይደለም። ቡና ከአገሪቱ ወደ ውጭ ከሚላከው ሸቀጥ ሁሉ የበላይ ሆኖ የኖረ ነው፤ በ2017 የበጀት ዓመት ከቡና የተገኘው ገቢ ከ2 ቢሊዮን የአሜሪካ ዶላር አልፎአል። ከገዢዎቹም መካከል ጀርመን፥ ቤልጂግና ኢጣልያ ከፊተኞቹ ይቈጠራሉ። ቡናውን የሚያመርተው ግን ታላቅ እርሻ ያለው ኩባንያ ሳይሆን፥ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሄክታር ያነሰ ይዞታ ያለው ገበሬ ነው። በብራዚል አንድ ታላቅ እርሻ አንድ ጊዜ ተለክቶ ብዙ ሺህ ጆንያ ይሸኛል፤ በኢሉባቦር ግን አንድ የመኪና ጭነት ቡና ከብዙ መቶ ገበሬዎች እጅ የተሰበሰበ ስለ ሆነ፥ ለአንድ ጭነት ብዙ መቶ ስፍራ መለካት ይፈልጋል። ሕጉ ታላቁንና ታናሹን በአንድ ዐይን አየሁ ይላል፤ ድካሙ ግን በታናሹ ላይ ይበዛል።

ሕጉ እንደሚለው ከ4 ሄክታር ለማይበልጥ ማሳ አንድ ነጥብ ይበቃል፤ ከዚያ የሚበልጠው ግን ዙሪያውን መለካት አለበት። ነጥቡም ከምድር ወገብ ያለው ርቀትና ከግሪንዊች ያለው ርቀት በዲግሪ ተጽፎ፥ ከዲግሪው ነጥብ በኋላ 6 አኃዝ ሊኖረው ይገባል። ስድስተኛው አኃዝ በምድር ላይ 11 ሳንቲ ሜትር ያህል፥ ማለት የአንድ ስንዝር ግማሽ ማለት ነው። ገበሬው ወይም የማኅበሩ መዝጋቢ የሚይዘው ተራ ስልክ ግን በገላጣ ሜዳ ላይ ቢሆን እንኳ 5 ሜትር ያህል ይሳሳታል፤ በዋንዛና በቀረሮ ጥላ ሥር፥ የሰማዩ ምልክት በቅጠሉ በሚከለከልበት ስፍራ፥ ስሕተቱ ከዚያ ይበልጣል። ስለዚህ መዝገቡ የስንዝር ግማሽ ይጠይቃል፥ ስልኩ ግን የቤት ስፋት ያህል እየተሳሳተ ስድስቱን አኃዝ ያለ ኀፍረት ይጽፋል። ቍጥሩ ረዘመ ማለት እውነቱ ጠራ ማለት አይደለም፤ ይህንንም ሶፍትዌሩን የሚጽፈው ሰው ካላወቀው፥ በወረቀቱ ላይ ያለውን ረጅም ቍጥር የሚያየው ሹም ከቶ ሊያውቀው አይችልም።

ከዚህም የሚከፋ ስሕተት አለ። መቱ በሰሜን 8 ዲግሪ ከሢሶ፥ በምሥራቅ 35 ዲግሪ ተኩል ግድም ላይ ትገኛለች። ሰዎች ሲናገሩም ሆነ በካርታ ላይ ሲጽፉ የሰሜኑን ቍጥር አስቀድመው የምሥራቁን ያስከትላሉ። የካርታ ሶፍትዌሮች መረጃ ለመለዋወጥ የሚጠቀሙበት ጂኦጄሰን የሚባለው ሥርዐት ግን በ2016 (በፈረንጆች አቈጣጠር) በጸናው ደንብ መሠረት የምሥራቁን ቍጥር አስቀድሞ የሰሜኑን ያስከትላል። የአውሮፓ መዝገብም የሚቀበለው ይህንኑ ሥርዐት ነው። እንግዲህ አንድ የማኅበር ጸሓፊ ወይም አንድ ቸኳይ የፕሮግራም ጸሓፊ ሁለቱን ቍጥሮች ያለዋወጣቸው እንደ ሆነ፥ የመቱው ማሳ ከሰሐራ በረሓ በስተ ሰሜን በአልጄርያና በቱኒዝያ ድንበር አጠገብ ይወድቃል። ኮምፒዩተሩ በዚያ ስፍራ ቡና የለም ብሎ አይከራከርም፤ ወይም ተቀብሎ ዝም ይላል፥ ወይም ጭነቱን በሙሉ ይመልሳል። ይህን ስሕተት ለመከልከል የሚያስፈልገው ፕሮግራም ከጥቂት መስመር አይበልጥም፤ ቍጥሩ ከኢትዮጵያ ወሰን ውጭ የወደቀ እንደ ሆነ ለመዝጋቢው ወዲያው እንዲነግረው ማድረግ ነው። ዳሩ ግን ይህን ጥቂት መስመር ለመጻፍ የሚያስብ ሰው የኢትዮጵያን ወሰን በልቡ የያዘ መሆን አለበት።

የነገሩ ሁሉ ዋና ችግር ግን ያለው በቍጥሩ ሳይሆን በጫካው ነው። የኢሉባቦር ቡና እንደ ሌላው አገር በፀሓይ ላይ በተርታ የተተከለ አይደለም። ከዱር በቅሎ የሚለቀም የጫካ ቡና አለ፤ ገበሬው ሥሩን መንጥሮ፥ ጥላውን አሳስቶ የሚይዘው ከፊል የጫካ ቡና አለ፤ በቤት አጠገብ የሚተከል የጓሮ ቡናም አለ። ወደ 167,000 ሄክታር የሚሆነው የያዮ የቡና ደን በ2010 (በፈረንጆች አቈጣጠር) በዩኔስኮ ከዓለም የሕይወታዊ ሀብት ክልሎች መካከል የተመዘገበው፥ የአረቢካ ቡና በገዛ ዱሩ ውስጥ በተፈጥሮ የሚገኝበት ስፍራ ስለ ሆነ ነው። በዚህ አገር ቡናና ደን ጠላቶች አይደሉም፤ ቡናው ጥላውን ስለሚፈልግ ገበሬው ዛፉን ያቈየዋል። ቡና ዋጋ ያጣ ጊዜ ነው ዛፉ ተቈርጦ በቆሎ የሚዘራበት።

የአውሮፓ ኅብረት የምርምር ማእከል በ2020 ዓለም ላይ የነበረውን ደን የሚያሳይ፥ በ10 ሜትር ስፋት የተከፋፈለ ካርታ ከሳተላይት ሥዕል አዘጋጅቶ አውጥቶአል። ካርታው በሕግ ብቸኛ ማስረጃ አይደለም፤ ነገር ግን አስመጪዎች ሁሉ በመጀመሪያ የሚመለከቱት እርሱን ነው። ሳተላይት ከላይ ሲመለከት የሚያየው የሰሳውን፥ የዋንዛውንና የብሳናውን አናት ነው፤ ከሥሩ ያለውን ቡና አያይም። ስለዚህ የገበሬው የቡና ማሳ በካርታው ላይ «ደን» ተብሎ ይጻፋል። ሕጉ በዋነኛነት ለእርሻ የሚውለውን መሬት፥ ዛፍ ቢኖርበትም እንኳ፥ ከደን አይቈጥረውም፤ ኮምፒዩተሩ ግን የሕጉን ትርጓሜ ሳይሆን የቅጠሉን መልክ ያነባል።

ከዚህ በኋላ የሚመጣውን መገመት አያዳግትም። ገበሬው ጥላ የበዛበትን ዛፍ ቅርንጫፍ ሲያሳሳ፥ ከላይ የሚያየው መሣሪያ «ደን ተመነጠረ» ይላል። ደግሞ የግብርና ባለሙያዎች ያረጀ ቡና ምርቱ እንዲታደስ ከሥሩ ከፍ ተብሎ እንዲጎነደል ገበሬውን ሲመክሩ ኖረዋል፤ የተጎነደለ ማሳ ለሁለት ዓመት ያህል ገላጣ ሆኖ ይታያል። የመንግሥትን ምክር ሰምቶ ቡናውን የጎነደለው ትጉህ ገበሬ በሳተላይቱ ዐይን ደን አጥፊ መስሎ ሲቈጠር፥ ምክሩን ያልሰማው ሰነፍ ንጹሕ ሆኖ ይታያል። ይህ በሳተላይቱ ክፋት የሆነ አይደለም፤ «ጉንደላ» የሚባል ነገር መኖሩን ለፕሮግራሙ ጸሓፊ የነገረው ሰው ስለሌለ ነው። በማሳው ነጥብ አጠገብ «በዚህ ዓመት ተጎንድሎአል» የሚል አንድ ስፍራ በመዝገቡ ውስጥ ቢኖር፥ የማኅበሩም ሊቀ መንበር ፊርማና ከመሬት የተነሣ ፎቶግራፍ ቢታከልበት፥ ብዙ ክርክር ከመነሣቱ በፊት ይቀራል።

የዘመን አቈጣጠሩም ነገር እንደዚሁ ነው። ሕጉ የወሰነው ቀን በኢትዮጵያ አቈጣጠር በ2013 ዓ.ም. መካከል ይወድቃል። አንድ ገበሬ «ይህን መሬት ያቀናሁት በ2013 ነው» ቢል፥ በመስከረም ወይም በኅዳር ያቀናው እንደ ሆነ ከሕጉ ቀን በፊት ነውና ነጻ ነው፤ በጥር ወይም በየካቲት ያቀናው እንደ ሆነ ግን ከቀኑ በኋላ ነውና ቡናው ወደ አውሮፓ አይገባም። የሁለቱ ልዩነት ጥቂት ወራት ነው። በባዕድ አገር የተሠራው ሶፍትዌር ግን ዓመቱን ብቻ የሚጠይቅ፥ ያንንም በራሱ አቈጣጠር የሚያነብ እንደ ሆነ፥ 2013 የሚለውን ሰባት ዓመት ወደ ኋላ ወስዶ ሁሉንም ነጻ ያደርጋል። ይህ ለጊዜው የሚጠቅም መስሎ ይታይ ይሆናል፤ በምርመራ የተገኘ ዕለት ግን የአንዱ ገበሬ ስሕተት የማኅበሩን ሁሉ ቡና ያስይዛል። ወርና ቀን በኢትዮጵያ አቈጣጠር ጠይቆ በውስጡ ወደ ፈረንጆቹ የሚመልስ ፕሮግራም መጻፍ ደግሞ የታወቀ ሥራ ነው፤ የባሕረ ሐሳብ ተማሪ በአፉ የሚያሰላውን ስሌት ኮምፒዩተር የማይችልበት ምክንያት የለም።

ስለ ስምም ጥቂት ቃል መጨመር ያስፈልጋል። በኢሉባቦር የትምህርትና የጽሕፈት ቤት ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው፤ የሚጻፈውም በቁቤ ነው። ጫላ የሚባል ገበሬ ስሙ በቁቤ ሲጻፍ «ጫ» በአንድ ተነባቢ ፊደል ይጀመርና አናባቢው ይደገማል፤ የላኪው ጸሓፊ አዲስ አበባ ሆኖ በእንግሊዝኛ ልማድ ሲጽፈው ግን በሁለት ፊደል ይጀምረዋል፥ አናባቢውንም አይደግመውም። ለሰው አንድ ጫላ ነው፤ ለኮምፒዩተር ሁለት ሰው ነው። በአማርኛ መዝገብም ቢሆን ነገሩ የተሻለ አይሆንም፤ ድምፃቸው አንድ የሆነው ፊደላት እየተለዋወጡ ሲገቡ «ኃይለ ሥላሴ» የሚለው ስም ብቻ በ24 መልክ ሊጻፍ ይችላል። (የግእዝ ፊደል በ1999 በፈረንጆች አቈጣጠር ወደ ዓለም አቀፉ የኮምፒዩተር ፊደላት ሠንጠረዥ ሲገባ ሞክሼዎቹ ሁሉ እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ቍጥር አግኝተዋልና፥ ቤተ ክህነት የጠበቀችውን ልዩነት ኮምፒዩተሩም ጠብቆታል ማለት ይቻላል፤ ተጠቃሚው ካልጠበቀው ግን መዝገቡ ይደባለቃል።) ስለዚህ ገበሬው በስም ሳይሆን በቍጥር መታወቅ አለበት። በ2015 ዓ.ም. በአዋጅ ቍጥር 1284 የተደነገገው ፋይዳ የሚባለው የመታወቂያ ቍጥር ለዚህ ሊያገለግል ይችላል፤ ነገር ግን ቍጥሩን ያልያዘ ገበሬ ከቡና ገበያ እንዳይወጣ መጠንቀቅ ያሻል።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ሶፍትዌር የሚጽፈው ማን ነው? የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ዊስፕ የሚባል፥ የማሳውን ነጥብ ከብዙ የደን ካርታዎች ጋር የሚያመሳክር ፕሮግራም አዘጋጅቶ ጽሑፉን ለማንም ክፍት አድርጎታል፤ ከጉግል ኩባንያ ጋር ሆኖም ማሳን በስልክ ለመመዝገብ የሚያገለግል ሌላ ፕሮግራም አውጥቶአል። እነዚህ በነጻ የሚገኙ፥ ውስጣቸውም የሚነበብ ስለ ሆኑ መልካም መነሻ ናቸው። በሌላ ወገን ደግሞ በአውሮፓ የተቋቋሙ ልዩ ልዩ ኩባንያዎች ይህንኑ አገልግሎት በገንዘብ ይሸጣሉ፤ የገበሬውን ነጥብ የሚያኖሩትም በራሳቸው መዝገብ ነው። እዚህ ላይ መጠንቀቅ ይገባል። አንድ ላኪ በአንድ ኩባንያ ሶፍትዌር ያስመዘገባቸው ገበሬዎች፥ በሚቀጥለው ዓመት የተሻለ ዋጋ ለሚሰጥ ሌላ ላኪ ለመሸጥ ቢፈልጉ፥ ነጥባቸው በፊተኛው ላኪ መዝገብ ውስጥ ተቈልፎ ሊያገኛቸው ይችላል። ቡናው የገበሬው ሆኖ ሳለ የማሳው ቍጥር የነጋዴው ከሆነ፥ ገበሬው ያለ ሰንሰለት ታሰረ ማለት ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 1321 ሰው ስለ ራሱ የተያዘውን መረጃ የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል፤ ይሁን እንጂ መብቱ ለአሌ ወይም ለቡሬ ገበሬ የሚሠራለት፥ የማሳው ነጥብ በወረቀት ታትሞ በእጁ የተሰጠው እንደ ሆነ ነው።

ደግሞ ኢትዮጵያ ዛሬ ያለችበትን ሁኔታ ለማስተዋል የገበያውን ታሪክ ማስታወስ ይገባል። በ2000 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ቡናን በአካባቢና በደረጃ ለይቶ በመጋዘን እያደባለቀ ይሸጥ ስለ ነበረ፥ ለዋጋ መገለጥና ለክፍያ መፋጠን ብዙ ጠቅሞአል፤ ነገር ግን የአንዱ ገበሬ ቡና ከሌላው ጋር ይቀላቀል ነበርና ከማሳ እስከ መርከብ ያለውን መንገድ ለመከተል የማይቻል ሆኖ ቈየ። በ2009 ዓ.ም. የወጣው የቡና ግብይት አዋጅ ቍጥር 1051 ላኪው ከገበሬው ጋር በቀጥታ የሚገናኝበትን መንገድ ከፈተ። እንግዲህ ትናንት ማደባለቅ ሙያ የነበረበት ንግድ፥ ዛሬ ሳይደባለቅ እንዲደርስ ይፈለጋል፤ በመካከል ያለው ሰብሳቢና መጋዘን ጠባቂም ልማዱን እንዲለውጥ ማስተማር ያስፈልጋል። ሶፍትዌሩ ምንም ያህል መልካም ቢሆን፥ በማታ ሁለት ጆንያ በአንድ ላይ የሚገለብጥ ሠራተኛ ሥራውን ሁሉ ያፈርሰዋል።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተባበሩት የዐረብ ኤምሬቶች መንግሥት ጋር በመተባበር የተጀመረው «የአምስት ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደሮች» ትምህርት እዚህ ላይ የሚነሣ ነው። ትምህርቱ ያለ ክፍያ በኢንተርኔት የሚሰጥ ሲሆን፥ የፕሮግራም መጻፍን መሠረት፥ ለአንድሮይድ ስልክ ሶፍትዌር መሥራትን፥ የዳታ ሳይንስንና የሰው ሠራሽ አስተውሎትን መሠረት ያስተምራል። ሐሳቡ የሚመሰገን ነው። ነገር ግን የምስክር ወረቀት መቍጠር ብቻ ሥራውን አያሳይም። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፤ የመቱ ልጅ እስከ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በር ድረስ የተማረው በአፋን ኦሮሞ ነው። ምሳሌዎቹ የሚናገሩት ስለ ሌላ አገር ሱቅና ስለ ሌላ አገር ባንክ ነው። ተማሪው ጨርሶ ወረቀቱን ተቀብሎ የሚሠራው ሥራ ካላገኘ፥ ወይም አዲስ አበባ ይሄዳል፥ ወይም ስልኩን ለጨዋታ ብቻ ይጠቀምበታል። የሚሠራው ሥራ ግን በደጁ አለ። በ2011 (በፈረንጆች አቈጣጠር) የተቋቋመው፥ በበደሌም ቅርንጫፍ ያለው የመቱ ዩኒቨርሲቲ እርሻንም ኮምፒዩተርንም ያስተምራል። የኮምፒዩተሩ ተማሪ ለመመረቂያው የሚጽፈው ፕሮግራም ከመምህሩ ጠረጴዛ አልፎ የማይሄድ የቤተ መጻሕፍት መዝገብ ከሚሆን፥ የእርሻውን ተማሪ ይዞ ወደ ሁሩሙ ወርዶ በአፋን ኦሮሞ የሚናገር፥ ያለ ኢንተርኔት የሚመዘግብ፥ መብራት ሲመጣና መስመር ሲገኝ የሚልክ የማሳ መዝገብ ቢሆን፥ በአንድ ዓመት የሚታይ ጥቅም ይሰጣል።

«ያለ ኢንተርኔት» የሚለው ቃል በከንቱ አልተጨመረም። ሶፍትዌር ጸሓፊዎች ሁሉ በመስመር ውስጥ ስለሚኖሩ መስመር የሌለበትን ዓለም ይረሱታል። በያዮ ደን ውስጥ ግን ምልክት የሚገኘው ኮረብታ ሲወጡ ነው። የሳተላይቱን የስፍራ ምልክት ስልኩ ያለ ኢንተርኔት ይቀበላል፤ ስለዚህ መዝገቡን በስልኩ ውስጥ አኑሮ ወደ ከተማ ሲመለስ የሚያስተላልፍ ፕሮግራም ሥራውን ይሠራል፤ በየገጹ ኢንተርኔት የሚጠይቀው ግን መዝጋቢውን ግማሽ ቀን አስቀምጦ ባዶ እጁን ይመልሰዋል። ቋንቋውም ቢሆን የማይቻል ነገር አይደለም፤ በግንቦት 2013 ዓ.ም. የተጀመረው ቴሌብር በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ጭምር ስለሚናገር፥ ገበሬው የቡናውን ሒሳብ በስልኩ ለመቀበል ችሎአል።

በዓለም ያሉ የሶፍትዌር ባለሙያዎች ዛሬ እርስ በርሳቸው የሚከራከሩበት አንድ ታላቅ ጉዳይ አለ። ቻት ጂፒቲ የሚባለው በኅዳር 2015 ዓ.ም. ከወጣ ወዲህ፥ ሰው በተራ ቋንቋ የሚፈልገውን ሲነግራቸው ፕሮግራም የሚጽፉ መሣሪያዎች በዝተዋል። እነዚያ በአንድ ወገን ሆነው ጀማሪ ፕሮግራም ጸሓፊ ከእንግዲህ አያስፈልግም ይላሉ፤ እነዚህ ደግሞ መሣሪያው የጻፈውን የሚመረምር ሰው ከጠፋ ስሕተቱ በእጥፍ ይበዛል ይላሉ። ክርክሩ በሩቅ አገር ቢሆንም ለመቱ ተማሪ የሚነካው ነው፤ አምስት ሚሊዮን ሰው የሚማረው ጥበብ ገና ሳይማረው ዋጋው ወድቆ እንደ ሆነ የሚጠይቅ ወላጅ አይጠፋምና። ከላይ የተጻፉት ምሳሌዎች ግን መልሱን በከፊል ይሰጣሉ። መሣሪያው የማሳ መመዝገቢያ ቅጽ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይጽፋል፤ ይህ እውነት ነው። ዳሩ ግን ገበሬው «2013» ሲል የትኛውን 2013 ማለቱ እንደ ሆነ፥ የተጎነደለ ቡና ከላይ ሲታይ ምን እንደሚመስል፥ ሁለት ዓይነት የተጻፈው ጫላ አንድ ሰው መሆኑን፥ ካልነገሩት በስተቀር አያውቅም። የሚነግረውም ሰው ቡናውንም ኮምፒዩተሩንም የሚያውቅ መሆን አለበት፤ እንዲህ ያለ ሰው በኢሉባቦር ከተሞች ሊገኝ ይችላል እንጂ ከሌላ አገር አይመጣም።

አንድ ከባድ ጥያቄ ደግሞ ከሶፍትዌር በላይ ሆኖ ይቀራል። ሕጉ ደኑ አለመመንጠሩን ብቻ ሳይሆን፥ ቡናው በአገሩ ሕግ በተፈቀደ መሬት ላይ መመረቱንም ይጠይቃል። በቤት አጠገብ ላለ የጓሮ ቡና ገበሬው የይዞታ ደብተር ያሳያል። በጫካ ውስጥ ከአባቱ ከአያቱ ጀምሮ ሲለቅመው ለኖረው ቡና ግን ሁሉም ደብተር ያላቸው አይደሉም፤ ደኑ የመንግሥት ነውና። ነጥቡን በመዝገብ ያስገባ ገበሬ ነገ «በመንግሥት ደን ውስጥ ምን ታደርጋለህ?» ተብሎ እንዳይጠየቅ ቢፈራ አያስደንቅም፤ በዚህም ምክንያት መዝጋቢ ሲመጣ ከቤቱ የሚርቅ ወይም የጓሮውን ነጥብ ለጫካውም የሚሰጥ ይኖራል። ይህን ፍርሃት የሚያርቀው ፕሮግራም ጸሓፊ ሳይሆን፥ የደን ባለሥልጣንና የመሬት አስተዳደር ቢሮ በአንድነት የሚያወጡት ግልጽ ቃል ነው። ቃሉ እስኪወጣ ድረስ የሚሰበሰበው መረጃ ምን ያህል እንደሚታመን አጠራጣሪ ነው።

በኢሉባቦር ቡናው መለቀም የሚጀምረው የመስከረም ዝናብ ሲገታ ነው፤ ጀንፈሉም በአልጋ ላይ ደርቆ፥ ተፈልፍሎና ተበጥሮ ወደ አዲስ አበባ ሲደርስ ታኅሣሥና ጥር ይሆናል። እንግዲህ የተወሰነው ቀን ያልተለወጠ እንደ ሆነ፥ በ2019 ዓ.ም. የሚለቀመው ቡና ወደ አውሮፓ የሚገባው በአዲሱ ሕግ ነው። ከዚያ በፊት በመቱና በጎሬ፥ በሁሩሙና በያዮ፥ ዛሬ በቡኖ በደሌ ዞን ባሉትም በጮራና በበደሌ ማኅበሮች ሊሠራ የሚችል አንድ ቀላል ነገር አለ። የተመዘገቡት ገበሬዎች ስም፥ የማሳቸው ቍጥርና የቀበሌያቸው ስም በአፋን ኦሮሞ ታትሞ፥ ቀድሞ የግብር ዝርዝር ይለጠፍ እንደ ነበረው፥ ከለቀማው አንድ ወር በፊት በማኅበሩ ቢሮ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ስሙ የጠፋበት፥ ማሳው የሌላ ሰው ሆኖ የተጻፈበት፥ ወይም ቀበሌው የተለወጠበት ገበሬ በገበያ ቀን መጥቶ ያመልክት። መዝጋቢውም በዚያ ቀን ስልኩን ይዞ በስፍራው ይገኝ።